ብርድ የሚያበስለው ወይን፦ በትንሽ መርከብ በታዝማኒያ ጠረፍ

ከሜልበርን ለመነሣት ሻንጣ ስናዘጋጅ ባለቤቴ ሁለተኛ ጋቢ እየጨመረች፣ «ሰው ከብርድ ለመሸሽ ገንዘብ ይከፍላል እንጂ ብርድ ፍለጋ ይከፍላል እንዴ?» አለችኝ። ወሩ የካቲት ነበር፤ በደቡቡ ንፍቀ ክበብ የበጋው ማለቂያ ማለት ነው። ይሁንና ከአውስትራሊያ ዋና ምድር በስተደቡብ ያለችው የታዝማኒያ ደሴት ብርድ በጋ መሆኑን አያውቅም እያሉ ወዳጆቻችን አስፈራርተዋት ነበር። እኔ ጥያቄዋን በሣቅ አለፍኩት። በአምስት ቀን ጉዞ ያየነው፣ የበላነውና የጠጣነው ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚያው ብርድ የተገኘ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው በዋናነት ለእርሷ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው።

የተሳፈርንባት መርከብ 24 መንገደኞችን ብቻ የምትይዝ ነበረች። በታዝማኒያ ዋና ከተማ በሆባርት ወደብ ከአጠገቧ የቆመው ግዙፍ የሽርሽር መርከብ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻ ያህል ስለ ነበር፣ የእኛዋ ከእርሱ ላይ የወረደች የነፍስ አድን ጀልባ ትመስል ነበር። የትንሽነቷ ጥቅም ግን ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ ታየን። ትልቁ መርከብ ጥልቅ ውኃና ሰፊ ወደብ ይፈልጋል፤ ትንሿ ግን ከገደል ሥር ተጠግታ ትሄዳለች፣ ነፋስ ሲነሣ ከደሴት ጀርባ ገብታ መልሕቋን ትጥላለች፣ መንገደኞቿንም በጎማ ጀልባ እስከ አሸዋው ድረስ ታደርሳለች። ምግብ አብሳዩም የሚያበስለው ለጥቂት ሰው ስለሆነ፣ ከመንገድ ዓሣ አጥማጅ ባገኘ ቁጥር በእጁ እያገላበጠ መርጦ ይገዛል። ዋጋው የሚቀመስ አይደለም፤ እኛም የደፈርነው ሃያኛ የጋብቻ ዓመታችንን ሰበብ አድርገን ነው።

የመጀመሪያው ማረፊያችን ብሩኒ ደሴት ነበረች። ስሟን ያገኘችው በ1792 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በዚያ ካለፈው ፈረንሳዊ መርከበኛ ከብሩኒ ዳንትርካስቶ ነው። ከእርሱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ካፒቴን ዊልያም ብላይ እዚያው አድቬንቸር ቤይ በተባለው ዳርቻ የፖም ችግኝ ተክሎ ነበርና፣ ኋላ በፖም ስሟ ለገነነው ለታዝማኒያ ጅማሬው ያ ነው። ደሴቷ ስትታይ ሁለት ናት፤ ሰሜኑንና ደቡቡን የሚያያይዘው ቀጭን የአሸዋ አንገት ብቻ ሲሆን፣ በመራቢያቸው ወራት ሲመሽ ትንንሽ ፔንግዊኖች ከባሕር ወጥተው ወደ ጉድጓዳቸው የሚያዘግሙት በዚህ አንገት ላይ ነው።

የብሩኒ ዝና ኦይስተር የሚባለው፣ በዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው። አርቢው እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ እንዳሳየን፣ ዛጎሎቹ የሚያድጉት በገመድ ላይ በተንጠለጠሉ የፕላስቲክ ቅርጫቶች ውስጥ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ቅርጫቶቹ ከውኃ በላይ ይቀራሉ፤ በውስጣቸው ያሉትም እንዳይደርቁ ዛጎላቸውን ጥርቅም አድርገው መዝጋትን ይለምዳሉ። ይህ ልምምድ ጡንቻቸውን ስለሚያጠነክረው፣ ከባሕር ወጥተው ወደ ሩቅ ከተማ ሲላኩ በውስጣቸው የቋጠሩትን ውኃ ሳያፈሱ ይደርሳሉ። ሰው ቀልቦ አያሳድጋቸውም፤ ባሕሩን ራሱን እያጣሩ ከውስጡ ይመገባሉ። ስለዚህ ውኃው ንጹሕ ካልሆነ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። አርቢው አጭር ቢላዋውን በመጋጠሚያው አስገብቶ አንድ ጊዜ ጠምዘዝ ሲያደርገው ዛጎሉ ጠቅ ብሎ ተከፈተ፤ ውስጡ ዳር ዳሩ የጠቆረ፣ በራሱ ጨዋማ ውኃ ውስጥ የተኛ ለስላሳ ነገር ነበረ። ባለቤቴ «ክንፍና ቅርፊት የሌለው» የሚለውን የኦሪት ቃል ጠቅሳ እጇን ሰበሰበች። እኔ ሎሚ ጨምቄበት ዋጥኩት። በመጀመሪያ ጨው፣ ቀጥሎ ቅዝቃዜ፣ በመጨረሻ እንደ ዱባ ፍሬ ያለ ለስላሳ ጣፋጭነት ነበረው። ይህን በአደባባይ የምጽፈው እናቴ ኢንተርኔት እንደማትከፍት ስለማውቅ ነው። ባለቤቴም ብትሆን ባዶ እጇን አልተመለሰችም፤ በደሴቷ የሚሠራውን ፎርማጆ በጥቁር ዳቦ እየበላች የእኔን ኃጢአት በትዝብት ትመለከት ነበር።

በማግስቱ ስቶርም ቤይ (የማዕበል ባሕረ ሰላጤ) የሚባለውን ክፍት ባሕር ስናቋርጥ ስሙ በከንቱ እንዳልወጣለት አወቅን። ሁለት ሰዓት ያህል ዝንጅብል እያኘክን፣ አይናችንን ከአድማስ ላይ ሳንነቅል ተቀመጥን። ከቀትር በኋላ የደረስንበት ፖርት አርተር ከ1833 እስከ 1877 ድረስ የእንግሊዝ እስረኞች ይሠቃዩበት የነበረ ስፍራ ነው። ስለ እርሱ ብዙ ተጽፏልና እዚህ አልደግመውም፤ የፈራረሱት ግንቦች በዚያ ጸጥ ባለ ውኃ ዳር ሲታዩ የሚሰማው ውበት ግን ለኅሊና እንደማይመች ልናገር።

ለእኔ የጉዞው ዕንብርት ታዝማን ደሴት ናት። መርከቧ ወደ ገደሉ ስትጠጋ ካፒቴኑ ሞተሩን ዝግ አደረገው፤ ከፊታችን ከባሕሩ ወደ ሰማይ ቀጥ ብለው የቆሙ የድንጋይ ዓምዶች ነበሩ። በዚህ ጠረፍ ገደሎቹ እስከ 300 ሜትር ይደርሳሉ። ድንጋዩ ዶለራይት ይባላል፤ ከ180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቅልጥ አለት ከመሬት በታች ሰርጎ ገብቶ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ተኮማተረና እንደ ሻማ ጥቅል ተሰነጣጠቀ። ከጫፉ በ1906 የተለኮሰው የመብራት ማማ ከታች ሲታይ የክብሪት እንጨት ያህላል። በገደሉ ግርጌ ደግሞ አቆስጣዎቹ (በእንግሊዝኛ «ሲል» የሚባሉት የባሕር እንስሳት) ተኝተዋል። ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ከኦሪት ዘጸአት፣ ለድንኳኑ መሸፈኛ ከሚሆነው «የአቆስጣ ቁርበት» ነው፤ እንስሳውን ግን በአይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ከሁሉ በፊት የደረሰን ሽታቸው ነው፤ የከረመ ዓሣ ከረጠበ ውሻ ጋር የተቀላቀለበት ሽታ። አንዱ ኮርማ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ እንደ ሽማግሌ ሳለና ከድንጋዩ ላይ እንደ ጆንያ ተንከባሎ ውኃ ውስጥ ገባ፤ በውኃው ውስጥ ግን ያ ድብልብል ገላ ሐር ሆነ። ከበላያችን ክንፉን ሳያርገበግብ የሚንሳፈፈውን ዓይነ አፋር የተባለ የአልባትሮስ ዝርያ ካፒቴኑ ጠቆመን፤ ይህ ወፍ በዓለም ላይ የሚራባው በታዝማኒያ አካባቢ ባሉ ሦስት ደሴቶች ላይ ብቻ ነው።

እንስሳቱን ሁሉ እዚህ የሰበሰባቸው ቀዝቃዛው ውኃ ነው፤ ከሙቁ ይልቅ ኦክስጅንና ምግብ ይይዛል። ካፒቴኑ ግን ወደ አንድ ጥግ እጁን ዘርግቶ፣ ድሮ በዚያ በኩል ሲያልፍ ጀልባ የሚይዝ የባሕር ውስጥ ጫካ እንደ ነበረ ነገረን። ከሰሜን የሚወርደው ሙቅ የባሕር ጅረት እየበረታ በመምጣቱ በምሥራቃዊው ጠረፍ የነበረው ኬልፕ የሚባለው የግዙፍ የባሕር አረም ደን 95 በመቶ ያህሉ ጠፍቷል። በመርከቧ ላይ የነበርነው ሁላችንም ዝም አልን፤ ባለቤቴም ጋቢዋን ጠበቅ አድርጋ ለበሰች እንጂ ስለ ብርዱ ምንም አላለችም።

ሦስተኛው ቀን የማሪያ ደሴት ነበር። ደሴቷ መኪና የማይነዳባት ብሔራዊ ፓርክ ናት። ወደብ ላይ ጎብኚውን የሚቀበለው ሰሌዳ ዎምባትን ላለማሳደድና በፎቶ ማንሻ ዘንግ ላለመጨቅጨቅ ቃል ያስገባል። ዎምባት የአሳማ ግልገል የሚያህል፣ እግረ አጭር፣ ደንዳና እንስሳ ነው፤ ፋንድያው ደግሞ እንደ ስኳር ድንጋይ አራት ማዕዘን ሆኖ ይወጣል። አንዷ ከእግሬ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሣሯን ስትነጭ የጥርሷ ድምፅ እንደ መቀስ ይሰማ ነበር፤ ቀና ብላም አላየችኝም። በዚህች ደሴት ሰው በጎ አስቦ የሠራው ሁሉ እንዳሰበው አልሆነም። የታዝማኒያ ዴቪል የሚባለው አራዊት ፊቱን በሚበላ ተላላፊ ካንሰር እያለቀ በመምጣቱ፣ ዘሩ እንዲተርፍ በ2012 ጤነኞቹ ወደ ማሪያ መጡ። ዴቪሎቹ ተረፉ፤ በደሴቷ የነበሩት 3,000 ጥንድ ያህል ፔንግዊኖች ግን አለቁ። ከዚያ መቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድሞም ዲዬጎ ቤርናኪ የተባለ ጣሊያናዊ የሐር ነጋዴ በ1884 መጥቶ ደሴቲቱን በሐርና በወይን አበለጽጋታለሁ ብሎ ነበር። ኩባንያው አልቆየም፤ ያ ሰው ግን ዘመኑን ቀደመ እንጂ መሬቱን አልተሳሳተም።

ይህን የምለው የመጨረሻውን ቀን ስላየሁ ነው። የጽጌረዳ መልክ ባላቸው የፍሬሲኔ ግራናይት ተራሮች ሥር አልፈን፣ በቅርጹ የወይን ብርጭቆ የሚመስለውን ዋይንግላስ ቤይን ከውኃው በኩል አየን። ስሙን ያገኘው ዓሣ ነባሪ አዳኞች ውኃውን በደም ስላቀሉት ነው የሚሉም አሉ። ከዚያ በጠረፉ ካሉት የወይን እርሻዎች ወደ አንዱ ወጣን። ለቀማው እየተቃረበ ስለ ነበር ወይኑ ሁሉ ወፍ እንዳይበላው በመረብ ተሸፍኗል። ባለሙያዋ ሁለት ፍሬ ቆርጣ ሰጠችን፤ ጥርስ የሚያደነዝዝ ኮምጣጣ ነበር። አረፋ ላለው ወይን ጠጅ የሚፈለገው ይህ ኮምጣጣነት ነው። በሞቃት አገር ስኳሩ ፈጥኖ ሲመጣ ኮምጣጣው ይሞታል፤ በብርድ ግን ፍሬው ቀስ ብሎ ስለሚበስል ሁለቱ አብረው ይቆያሉ። ወይን ጠጁ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ጥቂት ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት እንደገና ይፈላል፤ ዓመታት ከቆየ በኋላ ጠርሙሱ በአፉ እየተዘቀዘቀ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይሽከረከራል፣ አተላው ሁሉ አንገቱ ላይ ይጠራቀማል፣ አንገቱ በበረዶ ደርቆ ሲከፈት የረጋው አተላ ተፈናጥሮ ይወጣል። ጠላ ስታጠልል ያደገችው ባለቤቴ ይህን ስትሰማ፣ «ታዲያ እኛ አተላ ለማጥለል ይህን ያህል ዓመት አልጠበቅንም» ብላ ባለሙያዋን አሣቀቻት።

አባቶቻችን በቆላና በደጋ መካከል ያለውን መሬት «ወይና ደጋ» ያሉት ወይን የሚበቅልበት ደጋ ሲሉ ነው። እኛ ልከኛውን ብርድ የምናገኘው ተራራ በመውጣት ነው፤ ታዝማኒያ ግን ከምድር ወገብ 42 ዲግሪ ያህል ስለራቀች ወይና ደጋዋ ከባሕሩ ጠርዝ ይጀምራል። አሁን ደግሞ ያ ብርድ ዋጋ አውጥቷል። በ2010 ብራውን ብራዘርስ የተባለው በአውስትራሊያ ዋና ምድር ያለው የቪክቶሪያ ግዛት ቤተሰባዊ የወይን ኩባንያ በታዝማኒያ ሰፊ የወይን እርሻ ሲገዛ፣ በዋናው ምድር እየጨመረ ያለውን ሙቀት ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ነበር። ስለዚህ ብርድ ፍለጋ ገንዘብ የሚከፍል አለ፤ ባለቤቴም ይህን በሰማች ጊዜ አይኗን ከብርጭቆዋ ሳታነሣ ራሷን ነቀነቀች።

በዚያው ማታ ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ ደወልኩ። ስለ ኦይስተሩ አላነሣሁም። ብርዱ እንዴት እንደ ሆነ ስትጠይቀኝ፣ ማታ ማታ የእናንተን አገር ያስመስለዋል፣ ነገር ግን ወይን ያበቅላል አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ አሰበችና፣ «እንግዲያውስ ስትመጣ ችግኙን ይዘህልኝ ና፤ ከጓሮ በኩል ቦታ አለ» አለችኝ።