ፈቃዱ ከዝናቡ እንዲቀድም፦ በጎጃም የፍሳሽና የጎርፍ ውሃ ፈቃድ አሰጣጥን ያሻሻልንበት መንገድ

በጎጃም ባለ አንድ መንግሥታዊ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የፍሳሽ ፈቃድ ሥራውን እንዳስተባብር የተመደብኩት በሐምሌ ወር ነበር። ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት አንድ አዛውንት አርሶ አደር ጋቢያቸው በዝናብ እንደራሰ ቢሮዬ ገቡና ከከተማው በታች ካለው ወንዝ የቀዱትን ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ውሃው ሸክላ የተበጠበጠበት ይመስል ቀይ ነበር። «ልጄ፣ እስቲ ይህን ጥጃ እንኳ ይጠጣዋል?» አሉኝ። እንዲቀመጡ ለምኜ መዝገብ ቤት ወረድኩና ከወንዙ በላይ ያሉትን ድርጅቶች የፈቃድ ፋይሎች አስወጣሁ። ሁሉም የተሟሉ ነበሩ፤ ማመልከቻው፣ ሸኚ ደብዳቤው፣ ማኅተሙ በየቦታው አለ። ከወንዙ አፋፍ ላይ ጉብታውን ገምሶ የተከመረው የግንባታ ሳይት ግን ፋይል አልነበረውም። ፎርማችን የሚጠይቀው በቱቦ ስለሚወጣ ፍሳሽ ብቻ ስለነበር፣ ቱቦ የሌለው ሰው ፈቃድ መጠየቅ እንዳለበት የሚነግረው አንድም መሥመር አልነበረበትም። ወደ ቢሮዬ ስመለስ የጠርሙሱ ውሃ ከላይ እየጠራ፣ ከሥር ሦስት ጣት ያህል ቀይ ደለል አዝሎ ቆየኝ። አዛውንቱ በጣታቸው እያመለከቱ «የመስኖ ቦያችንን የደፈነው ይኸው ነው» አሉ።

የሕግ እጥረት አልነበረብንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሰዎች በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ፍሳሽን ወደ ውሃ አካል መልቀቅን በፈቃድ ሥር ያደርጋል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ተቆጣጣሪው ያለ ቅድመ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ገብቶ እንዲመረምር ሥልጣን ይሰጠዋል። በተግባር በየቀኑ በእጃችን የነበረው ግን ስሙ እንደሚናገረው የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው ደንብ ቁጥር 159/2001 ነበርና ዓይናችን ሁልጊዜ ከፋብሪካ ቱቦ ላይ አልተነቀለም። የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የሚወርድ ነው። ፋብሪካ ዓመቱን ሙሉ ይለቃል፤ የተቆፈረ መሬት፣ ጋራዥ፣ ላቫጆ፣ የከብት ገበያ ግን በጋውን ሙሉ ያከማቹትን አፈር፣ የተቃጠለ ዘይትና እበት ሰኔ ሲገባ በአንድነት ያወርዱታል። የክረምቱ የመጀመሪያዎቹ ጎርፎች ከኋለኞቹ ይልቅ የከፉ የሚሆኑት ስለዚህ ነው። እኛ ግን ለመንገድ ስለሚመች ፍተሻችንን የምናካሂደው በጥርና በየካቲት ነበር። ወንዙ በሚታመምበት ወቅት ቢሮ ተቀምጠን፣ በሚድንበት ወቅት ልንጠይቀው እንሄድ ነበር።

ማሻሻያውን ስጀምር የሠራሁት ስህተት አንድ ሙሉ ክረምት አስከፍሎኛል። ሥራ የሚሻሻለው መስፈርት በማብዛት መስሎኝ የባዮኬሚካልና የኬሚካል የኦክስጅን ፍላጎት (በውሃው ውስጥ ያለው ቆሻሻ ሲበሰብስ ወይም በኬሚካል ሲቃጠል የሚፈጀው ኦክስጅን)፣ ፎስፌት፣ ናይትሬት፣ ዘይትና ቅባት፣ የኮሊፎርም ባክቴሪያ ሁሉ የተዘረዘሩበት ረጅም ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ እንዲሰጥ አስወሰንኩ። ሠንጠረዡ በወረቀት ላይ ያምር ነበር። ነገር ግን የባክቴሪያ ናሙና በሰዓታት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፤ የባዮኬሚካል ኦክስጅን ፍላጎት ምርመራ ደግሞ ናሙናውን እስከ 4 ዲግሪ ማቀዝቀዝን፣ ላቦራቶሪ ከደረሰ በኋላም በ20 ዲግሪ አምስት ቀን ማቆየትን ይጠይቃል። እኛ የነበረን አንድ የበረዶ ሳጥንና በሳምንት ሁለት ቀን የምትገኝ መኪና ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ጎርፉ አልፎ፣ ቦዩ ደርቆ፣ ባለሳይቱም ወደ ሌላ ሳይት ሄዶ እናገኘዋለን። ልንለካው የማንችለውን ነገር በፈቃድ ላይ መጻፍ ባለፈቃዱን ቃሉን እንዳይጠብቅ ማስተማር መሆኑን የተረዳሁት በዚያ ክረምት ነው። አንድ የላቫጆ ባለቤት ፈቃዱን በመስታወት ፍሬም ሰቅሎት አገኘሁና ምን እንደሚል ብጠይቀው «ጋሼ፣ መፈቀዱን ነዋ የሚለው» አለኝ።

መንገዱን ያሳየኝ የአዛውንቱ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱን አልጣልኩትም ነበርና በሁለተኛው ዓመት መግቢያ ላይ ለባልደረቦቼ እየበጠበጥኩ አሳየኋቸው፤ በሻይ ሰዓት ውስጥ ደለሉ ተለይቶ ወረደ። ይህንኑ በሥርዓት የሚለካ ኢምሆፍ ኮን የሚባል መሣሪያ አለ፤ አንድ ሊትር የሚይዝ፣ ጫፉ ወደ ታች የሾለና መሥመር የተቀረጸበት ግልጽ ዕቃ ነው። ውሃው ይሞላበትና አንድ ሰዓት ቆይቶ የዘቀጠው ደለል በሚሊሊትር ይነበባል። መብራት አይፈልግም፣ ኬሚካል አይፈልግም፣ ከሁሉም በላይ ባለሳይቱ አጠገባችን ቆሞ በገዛ ዓይኑ ያነበዋል። የናሙናውን ግማሽ በታሸገ ጠርሙስ ለእርሱው ትተንለት መሄድም ያን ጊዜ የጀመርነው ልማድ ነው። በቁጥር መከራከር የቆመው ከዚያ ወዲህ ነው። ላቦራቶሪውን ጨርሶ አልተውነውም፤ ለቄራ፣ ለሆስፒታልና ለትልልቅ ፋብሪካዎች ብቻ አድርገነው የበረዶ ሳጥኑም መኪናዋም ለእነርሱ በቂ ሆኑ።

ደለልን ዋና መለኪያ ማድረጋችን ሌላውን ብክለት ችላ ማለት እንደሆነ አድርገው የተቃወሙን ነበሩ፤ ተቃውሟቸው ተገቢ ስለነበር በጥንቃቄ መመለስ ነበረብን። ፎስፎረስ የደቃቅ አፈር ባልንጀራ ነው፤ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይሄዳል። ከሰከላ ግሽ አባይ ተነሥቶ ጣና በሚገባው በግልገል አባይ በኩል የሚወርደው አፈር ሐይቁን ከመሙላቱ ባሻገር እምቦጭን ይመግባል፤ በምሥራቁ በኩል ከጮቄ የሚነሱት እንደ ጨሞጋ ያሉት ወንዞች ደግሞ የያዙትን በቀጥታ ለአባይ ያስረክባሉ። ስለዚህ አፈሩን ከምንጩ ያስቀረ ሰው በአንድ ላይ ብዙ ነገር አስቀርቷል ማለት ነው። የተቃጠለ ዘይት ግን በዚህ መንገድ አይያዝምና ለጋራዦችና ለላቫጆዎች የተለየ ግዴታ አስገባን፦ ዘይቱ በበርሜል ተጠራቅሞ ለሚረከብ ሰው እንዲሰጥ፣ የመኪና ማጠቢያው ወለል ሊሾ ሆኖ ውሃው ወደ ዘይት መለያ ጉድጓድ እንዲያዘነብል።

የቀረው የወረቀቱ ጉዳይ ነበር። ለእያንዳንዱ አነስተኛ ሳይት የተለየ ፈቃድ ስናዘጋጅ ባለጉዳይ ወራት ደጅ ይጠና ነበር፤ ደጅ መጥናት የሰለቸው ደግሞ ያለ ፈቃድ መቆፈርን መረጠ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የንጹሕ ውሃ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1987 ተሻሽሎ የጎርፍ ውሃን በፈቃድ ሥር ሲያስገባ፣ እጅግ ብዙ የሆኑትን የግንባታ ሳይቶች በየግላቸው ማስተናገድ ስለማይቻል አንድ የወል ፈቃድ አስቀድሞ ታውጆ እያንዳንዱ ሳይት በማስታወቂያ ብቻ እንዲገባበት ያደረጉበትን አሠራር አነበብኩ። እዚያ ግዴታው የሚጀምረው አንድ ኤከር፣ ማለትም 0.4 ሄክታር ገደማ መሬት ሲነካ ነው። ይህን እንዳለ መገልበጥ ለእኛ አይሆንም ነበር፤ በዋልካ ሜዳ ላይ የተቆፈረ ሰፊ መሬት ከሚያወርደው ይልቅ በቀይ አፈር ተዳፋት ላይ የተገመሰ ጠባብ ቦታ የበለጠ ሊያወርድ ይችላል። ስለዚህ ስፋትን ትተን ተዳፋትንና የወንዝ ቅርበትን መነሻ አደረግን። የወል ፈቃዱ ሁለት ገጽ ሆኖ፣ የሚጠይቀውም ማንም ፎርማን የሚረዳቸውን ነገሮች ነበር፦ የተቆፈረ አፈር ከቦይ ዳር እንዳይከመር፣ ከሳይቱ በታች የደለል ማቆሪያ ጉድጓድ እንዲቆፈርና ግማሹ ሲሞላ እንዲጠረግ፣ መኪና የሚወጣበት በር ላይ ድንጋይ እንዲነጠፍ፣ ሥራ የቆመበት መሬት ሣር እንዲለብስ። ባለጉዳዩ በአንድ ጠዋት ፈርሞ ይሄዳል፤ የደለል ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሳናይ ግን ዶዘር አይገባም።

የፍተሻውን መርሐ ግብርም ከዚያው ንባቤ ልወስድ አስቤ ነበር። በአሜሪካ አንዱ አማራጭ ሳይቱ በየሁለት ሳምንቱ የሚፈተሽበት ሲሆን፣ ከ6 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ሲጥልም በ24 ሰዓት ውስጥ ዳግመኛ ይታያል። በጎጃም ሐምሌ ግን 6 ሚሊሜትር ካፊያ ነው፤ እንዲያ ካልን ከሳይት ሳንወጣ ልንከርም ነው። ይልቁንም ሥራችንን ወደ ግንቦት አመጣነው። ግንቦት ሙሉውን እያንዳንዱን ሳይት በእግር እናያለን፤ ከሰኔ ሚካኤል በፊት ጉድጓድ ያልቆፈረ ሳይት የቁፋሮ ሥራው ይታገዳል፤ በክረምቱ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን በአዳሩ ዶፍ የጣለበትን ሠፈር ብቻ መርጠን እንሄዳለን። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንዲሉ፣ በግንቦት አንድ የቀን ሠራተኛ በግማሽ ቀን የሚቆፍረውን ጉድጓድ በነሐሴ ኤክስካቫተርም ከጭቃው ገብቶ አያወጣውም።

ክርክር አልቀረልንም። አንድ ተቋራጭ ሥራው በመታገዱ ተቆጥቶ በስብሰባ ላይ «የልማት እንቅፋት» ብሎናል። እርሱን ያሳመነው ደብዳቤያችን አልነበረም። አብረን ከሳይቱ ወደ ታች ወርደን፣ ባለፈው ክረምት የወረደው አፈር እርሱ ራሱ ለከተማው የሠራውን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ግማሽ ድረስ ሞልቶት ሲያይ ዝም አለ፤ ቦዩን በራሱ ወጪ እንደሚያስጠርግ በቃለ ጉባኤ ፈረመልን። ከዚህ በኋላ ያለ ሳይት ጉብኝት የእግድ ደብዳቤ እንዳይወጣ ወስኛለሁ። በቢሮ የተጻፈ እግድ ጠብ ያመጣል፤ ቦዩ አጠገብ የተነጋገሩበት እግድ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይነሣል።

የሆነውን ሳላጋንን ልናገር። ከከተማው በታች ያለው ወንዝ ዛሬም በሐምሌ ቀይ ነው፤ ከፍ ብሎ ያለው የእርሻ ተዳፋት የሚያወርደው አፈር ከእኛ ፈቃድ ውጭ ነው፤ ያን የሚመልሰው የእርከን ሥራ እንጂ የእኛ ፎርም አይደለም። የተለወጠው የከተማው ድርሻ ነው። የአዛውንቱ መንደር የመስኖ ቦይ በጥቅምት ሲጠረግ የሚወስደው የደቦ ሥራ ከቀድሞው አጥሯል፤ ይህን የነገሩኝ እርሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ እኔም ከማንኛውም ሪፖርት አስበልጬ የያዝኩት ይህንኑ ነው።

ትልቁ ሥራ ግን ገና ነው። የከተማ ጎርፍ ከማንም በላይ የሚለቀው ከተማው ራሱ ነው፤ መንገዱን የሚቆፍረው፣ ቦዩን የሚሠራውና አፉን ወንዝ ላይ የሚከፍተው የማዘጋጃ ቤት ሥራ ፈቃድ አይጠየቅበትም ነበር። በአሜሪካ ትልልቆቹ ከተሞች ለገዛ ቦዮቻቸው ፈቃድ እንዲያወጡ ይገደዳሉ፤ እኛ ዘንድ አንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሌላውን «ፈቃድ አውጣ» ሲለው ደስ የሚለው የለም። በደብዳቤ ሁለት ዓመት ተመላለስን። ባለፈው ሰኔ ግን የመንገድ ሥራውን የሚመሩት መሐንዲስ እኔ ሳልጠይቃቸው ደውለው «ያን ዕቃ ይዘህ ና» አሉኝ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ቦዩ እየጮኸ ይወርዳል። ኮኑን ሞልተን በኮብልስቶን ላይ አቆምነውና ጃንጥላ ይዘን አጠገቡ ቆመን ሰዓቱ እስኪሞላ ጠበቅን፤ ሲሞላ እርሳቸው ጎንበስ ብለው መሥመሩን አነበቡና ቁጥሩን በራሳቸው እጅ በማመልከቻው ላይ ጻፉት።