መርፌ የሌላት ሲንጀር

ይህን ምስክርነት አያቴ በሕይወት ሳለች ልናገር ቃል ገብቼ ነበር። አልደፈርኩም። "ተናገራ፣ እኔም ልስማው" እያለች ትነዘንዘኝ ነበር። ሳትሰማው አረፈች። ይኸው ሁለት ወር ሆናት።

እማማ ነበር የምንላት። እናታችን ስትሞት ሦስት ልጆች ነበርን፤ ታናሽ እህቴ ገና ጥርስ አላወጣችም። እማማ ያኔ 58 ዓመቷ ነው። ያላት ሀብት በእግር የምትረገጥ አንዲት ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ናት። በእሷ አሳደገችን። ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የተቀደደ ትጥፋለች። ክር በጥርሷ ስትበጥስ ኖራ የፊት ጥርሷ ጫፍ በትንሹ ተሸርፎ ነበር። "ነገ ውሰድ" ካለች ነገ ነው። ቅድስት አድርጌ ላቀርባት ግን አልፈልግም። ቁጡ ነበረች። መቀሷን ወረቀት ስንቆርጥበት ካየች ቤቱ አይበቃንም።

እኔ መጠጥ የጀመርኩት በ22 ዓመቴ ነው። አጀማመሩ የሚወራ ነገር የለውም፤ ከጓደኛ ጋር፣ ቅዳሜ ማታ። ከዚያ ቀኑ ሁሉ ቅዳሜ ሆነ። ሥራዬን አጣሁ። የእህቴን የትምህርት ቤት ክፍያ ጠጣሁት። ይህችን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ሁለቴ አጥፍቻታለሁ።

ሌሊት ስመጣ ሁሌ የሲንጀሯ ድምፅ ከደጅ ይቀበለኛል። ሰባት ሰዓትም ይሁን ዘጠኝ ሰዓት፣ ጠክ ጠክ ጠክ። ስገባ ይቆማል።

"መጣህ?"

"መጣሁ።"

በቃ፣ መብራት ታጠፋለች። እኔ ደግሞ በዚያ ስካሬ "ይቺ ሴትዮ ለብር ብላ ራሷን ልትገድል ነው" እላለሁ። ሰባት ዓመት እንዲህ ነበርን።

አንድ ሌሊት ሳልጠጣ ገባሁ። ጽድቅ እንዳይመስላችሁ፣ ዱቤ የሚሰጠኝ ጠፍቶ ነው። ጫማዬን አውልቄ ቀስ ብዬ ገባሁና አልሰማችኝም። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። እግሯ ይረግጣል፣ መንኮራኩሩ ይዞራል። ሲንጀሯ ላይ ጨርቅ የለም። ጠጋ አልኩ። መርፌም የላትም። ነቅላ ሜትሯ አጠገብ አስቀምጣዋለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ስሜን ሰማሁ። ስሜን፣ ቀጥሎ "ጌታዬ"፣ ደግሞ ስሜን።

ለካ ልጆቹ ለቅሶዋን እንዳይሰሙ በሲንጀሯ ድምፅ እየሸፈነችው ነው!

አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 ላይ ሐና ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ አሰበ። እኛ ቤት የሰከረው እኔ ነበርኩ። የተጠረጠረችው ግን እዚህም የምትጸልየው ናት፤ ብር ትወዳለች ተብላ።

ምንም አላልኳትም። ወጥቼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። የዚያን ሌሊት ልመናዬ አጭር ነበር፤ "እሷን ስማት" አልኩ። ስለ ራሴ ለመለመን አፍ አልነበረኝም።

በማግስቱ ማታ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ላብ አጠመቀኝ። ለዓመታት በብዛት የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ሰውነቱ እንዲህ ይናወጣል፤ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው፣ ሲብስም ሊገድለው ይችላል። እኔ ይህን የት አውቄ! "እማማ ጸልዪልኝ" አልኳት። "ስጸልይ ነው የኖርኩት። አሁን ተነስ፣ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን" አለችኝ። በ74 ዓመቷ ደግፋኝ ሄደች። ስድስት ቀን ተኝቼ ታከምኩ። ስድስቱንም ቀን አልጋዬ ሥር ወንበር ላይ ሆና የሰው ሱሪ በእጇ ስትሰፋ ነበር። ሥራ አይታጠፍማ!

በአንድ ቀን ነጻ የወጡ ሰዎች ምስክርነት ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የእኔ እንዲያ አልነበረም። ከአራት ወር በኋላ ወደቅኩ። ጠጥቼ ስመጣ ከደጅ ሰማኋት፤ ጠክ ጠክ ጠክ። "መጣህ?" አለችኝ፣ ልክ እንደ ድሮው። አልተቆጣችም። ለመቀስ የምትቆጣ ሴት!

ከዚያች ሌሊት ወዲህ አልጠጣሁም። ስምንት ዓመት ሞላኝ። የእህቴን ክፍያ ከነውዝፉ ከፍዬ አስጨርሻታለሁ። እማማ በ82 ዓመቷ ስታርፍ እጇ በእጄ ውስጥ ነበር፤ ጣቷ ላይ መርፌ የወጋው ሁሉ ይታወቀኝ ነበር።

ሲንጀሯ አሁን እኔ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ማታ ሳይመጣ ቀረ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ተነስቼ መርፌውን ነቀልኩና ተቀመጥኩ። ረገጥኩት። መንኮራኩሩ ወደ ኋላ ዞረ። እህቴ ከወዲያኛው ክፍል "መጀመሪያ በእጅህ ወደ ፊት አዙረው፣ ከዚያ ርገጥ" አለችኝ። አልተኛችም ነበር።

በእጄ አዞርኩትና ረገጥኩ።