ሱሉልታ ላይ የጫጩትን አንጎል ከነርቭ ቱቦው ጀምሮ ማየት

የአንጎልን ግንደ ሕዋሳት (ሌሎቹን የአንጎል ሕዋሳት የሚያስገኙትን) በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ ሰው ከዶሮ እንቁላል የቀረበ መንገድ አላገኘሁም። ችግሩ መመሪያዎቹ በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚሠራ ቤተ ሙከራ የተጻፉ መሆናቸው ነው፤ እኔ የምሠራው ደግሞ ሱሉልታ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው።

ሱቅ የሚሸጠው የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል አይሆንም፤ ዶሮዎቹ ያለ አውራ ስለሚያድሩ ጽንስ የለውም። አውራ ካለበት እርባታ ወይም ሐበሻ ዶሮ ካላቸው ጎረቤቶች እገዛለሁ። ከ7 ቀን በላይ የቆየ አልጠቀምም። እስከዚያ 15 ዲግሪ ገደማ በሆነ ክፍል ይቆያል እንጂ ፍሪጅ አይገባም። ማስፈልፈያው ውስጥ አጋድሜ፣ ላዩን በእርሳስ ምልክት አድርጌ 38 ዲግሪ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ከሥሩም ውሃ ያለበት ሰፊ ሳህን ይኖራል።

ለመብራት መጥፋት መፍትሔዬ ውሃ የሞሉ ሀይላንዶች ናቸው። ሁልጊዜ ማስፈልፈያው ውስጥ ስለሚቀመጡ ሙቀቱን ይዘው ይቆያሉ። ለጥቂት ሰዓት መቀዝቀዝ ጽንሱን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። የከፋው መብራቱ ሲመለስ ሙቀቱ ልክ አልፎ 40 ዲግሪን ሲሻገር ነው፤ ያኔ አንጎሉ ተዛብቶ ይገኛል።

መቀስና መርፌ መቀቀል እዚህ አይበቃም፤ ከፍታው የአየር ግፊቱን ስለሚቀንስ ውሃችን 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። በግፊት ድስት ቢሆንም፣ የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ውስጡ 121 ሳይሆን 116 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ መመሪያው 15 ደቂቃ የሚለውን ወደ 50 ደቂቃ አሳድጌዋለሁ። ይህን ሳላስተካክል የሠራኋቸው እንቁላሎች ብዙዎቹ ሻግተውብኛል።

ለመክፈት፣ በ18 ጌጅ መርፌ ከሰፊው ጫፍ ገብቼ፣ የመርፌውን አፍ ወደ ታች አድርጌ 3 ሚሊ ሊትር ነጭ እስባለሁ። አስኳሉ ከቅርፊቱ ዝቅ ስለሚል ጽንሱን መቀስ አይነካውም። ላዩን ግልጽ ፕላስተር ለጥፌ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል መስኮት እቆርጣለሁ። በዚህ ዕድሜ (ከአንድ እስከ ሁለት ቀን) ጽንሱ ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ አይታይም። ቻይና ኢንክ የሚባለውን የንድፍ ቀለም አንድ እጅ በአሥር እጅ ሳላይን (የጨው ውሃ) አቅጥኜ፣ ጽንሱ ካረፈበት ክብ ጠርዝ ውጪ በኩል ገብቼ፣ ጥቁር ጀርባ እንዲሆነው ከሥሩ አስገባለሁ። መርፌው በጥልቀት ከገባ አስኳሉ ይፈሳል፤ አግድም መሄድ አለበት። መከላከያ ኬሚካል የተጨመረበት ቀለም ጽንሱን ስለሚገድል አዲስ ጠርሙስ በሁለት እንቁላል እሞክራለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዕድሜውን በሰዓት ሳይሆን በሶማይት እቆጥራለሁ። ሶማይቶች በነርቭ ቱቦው (በኋላ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር በሚሆነው) ግራና ቀኝ እንደ ዶቃ የሚደረደሩ ጥንድ እብጠቶች ናቸው። ተመራማሪዎቹ ሐምበርገርና ሐሚልተን በ1951 እ.ኤ.አ. ባወጡት የጫጩት ጽንስ የዕድገት ሠንጠረዥ፣ 10 ጥንድ ያለው ጽንስ ከ33 እስከ 38 ሰዓት ውስጥ ይገኛል፤ ሦስቱ የአንጎል ከረጢቶችም ያኔ ተለይተው ይታያሉ። ከቀዝቃዛ ክፍል የወጣ እንቁላል ግን ውስጡ እስኪሞቅ ራሱ ሰዓታት ይፈጃል። አንድ ጥንድ ለመፈጠር 90 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ፣ 10 ጠብቄ 7 ካገኘሁ ጽንሱ አራት ሰዓት ተኩል ዘግይቷል ማለት ነው፤ ዘግቼ እመልሰዋለሁ። የነርቭ ቱቦው ሲዘጋ ለመያዝ የምፈልገው 4 ጥንድ ላይ ነው፤ ቱቦውን የሚሠሩት ሁለት እጥፋቶች በመካከለኛው አንጎል በኩል መጀመሪያ የሚነካኩት ያኔ ነው። በሰው ይህ መዘጋት በ28 ቀን ገደማ ያልቃል፣ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ። ቱቦው በደንብ እንዲዘጋ የሚረዳው ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ይጀመር የሚባለውም ለዚህ ነው።

ለማውጣት መሃሉ 1 ሳንቲ ሜትር የተቀደደ የማጣሪያ ወረቀት ጽንሱ ላይ አኖራለሁ፤ ሲጣበቅ ዙሪያውን ቆርጬ አነሳና በሳላይን አጥባለሁ። ከዚያ 4 በመቶ ፎርማልዲሃይድ ውስጥ ያድራል (የክፍሉ መስኮት ተከፍቶ፣ ጓንት ተደርጎ)። በፓራፊን ቀብሬ 8 ማይክሮሜትር ውፍረት ባላቸው ስስ ቁራጮች እቆርጣለሁ፤ ማቅለሚያው ሄማቶክሲሊን ነው።

በማይክሮስኮፕ የነርቭ ቱቦው ግድግዳ ብዙ ንብርብር ይመስላል፣ ግን አንድ ረድፍ ነው። እያንዳንዱ ግንደ ሕዋስ ከውስጠኛው ገጽ እስከ ውጪኛው ይዘረጋል፤ ኒውክሊየሱ ብቻ ወጣ ወረድ ይላል። ተመራማሪው ሳወር በ1935 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ የሚከፈሉት ሕዋሳት በቱቦው መሃል ያለውን ክፍተት ይዘው ይሰለፋሉ፤ ክሮሞሶማቸው ጥቁር ሰረዝ ሆኖ ይታያል። እነዚህ ሰረዞች ግድግዳው መሃል ተበታትነው ካየሁ ስለ ሕዋሶቹ ምንም አልደመድምም፤ ቁራጩ ሰያፍ ሄዷል ማለት ነውና የፓራፊን ብሎኩን አዙሬ እንደገና እቆርጣለሁ።