የአያቱ አያት ዳኛ ነበር

ስድስት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ የአሜሪካዊውን ደራሲ የናትናኤል ሆውቶርንን «ዘ ስካርሌት ሌተር» የተባለ ልብ ወለድ ያነበብኩት በፎቶ ኮፒ ነው። ለክፍሉ ሁለት ቅጂ ብቻ ስለነበረን በተራ እየተቀባበልን ሌሊት ሌሊት ነበር የምናነበው። ኮፒ ያደረገው ሰው ወረቀት ለመቆጠብ ሲል ይመስለኛል፣ ከልብ ወለዱ በፊት ያለውን ረጅም መግቢያ ዘሎታል። እኔም መጽሐፉን የጨረስኩ መስሎኝ ስንት ዓመት ኖርኩ። መግቢያውን ያገኘሁት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ ቤተ መጻሕፍት በተዋስኩት እትም ላይ ነው።

እዚያ ውስጥ ጸሐፊው ስለ ዘሩ ይናገራል። የአያቱ አያት ጆን ሃቶርን በ1692 (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሴለም በምትባል ከተማ በጥንቆላ የተከሰሱ ሰዎችን ከመረመሩት ዳኞች አንዱ ነበር። ሆውቶርን ይህን አይሸፍንም። የሟቾቹ ደም በዳኛው ላይ እድፍ እንደተወ፣ እድፉም መቃብር ውስጥ ካለው ደረቅ አጥንቱ እንኳን እንዳልለቀቀ ይጽፋል። ከዚያም ወኪላቸው ሆኖ የአባቶቹን ኀፍረት በራሱ ላይ እንደሚወስድ ይናገራል፤ ያመጡት እርግማን ካለም ከእንግዲህ እንዲነሳ ይጸልያል። ያንን ገጽ ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ ስለ አባቶቼ የተማርኩት መኩራትን ነበር። የአባት ኀፍረትም እንደ ርስት ሊወረስ እንደሚችል፣ ሰው ወድዶ ሊረከበው እንደሚችል ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

በሚያዝያ መጨረሻ እረፍት ወስጄ ወደ ማሳቹሴትስ ሄድኩ። ያረፍኩት ካምብሪጅ ከሚኖሩት አክስቴ ቤት ነው። ዓርብ ዕለት ብቻዬን ከፖርተር ጣቢያ በባቡር ተሳፍሬ ኮንኮርድ ወረድኩ።

ኮንኮርድ ዛፍ የሞላባት ጸጥተኛ ከተማ ናት። «ኦልድ ማንስ» የሚባለው ግራጫ ቤት በ1770 ለአንድ ቄስ የተሠራ ነው። ጓሮው እስከ ወንዙ ይወርዳል፤ ከፎቁ መስኮትም አሜሪካኖች በ1775 ከእንግሊዝ ወታደሮች ጋር የተታኮሱበት ድልድይ ይታያል። እኔን ያመጣኝ ግን ፎቁ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። የቄሱ የልጅ ልጅ፣ ደራሲና ፈላስፋው ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን፣ «ኔቸር» የተባለችውን፣ በ1836 የታተመችውን መጽሐፉን የጻፈው በዚህች ክፍል ነው። የአሜሪካ ሮማንቲሲዝም (ለስሜት፣ ለተፈጥሮና ለግለሰብ ትልቅ ቦታ የሚሰጠው የሥነ ጽሑፍ እንቅስቃሴ) ሲነሳ መጀመሪያ የምትጠራው ይህች ትንሽ መጽሐፍ ናት። ዘመናችን ወደ ኋላ ማየት ያበዛል፣ የአባቶችን መቃብር ይሠራል፤ እነርሱ እግዚአብሔርንና ተፈጥሮን ፊት ለፊት ሲያዩ እኛ በእነርሱ ዓይን የምናየው ለምንድን ነው? ብሎ ይጀምራል። ወጣት ሳለሁ ባነበው ኖሮ በደስታ የምዘል ይመስለኛል።

ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1842፣ አዲስ ሙሽራ የነበረው ሆውቶርን ከባለቤቱ ከሶፊያ ጋር ይህንኑ ቤት ተከራየ። ደራሲው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ለሠርጋቸው ስጦታ ጓሮውን የአትክልት ቦታ አድርጎ ተክሎላቸው ነበር። ሆውቶርን የመረጠው የጥናት ክፍል ያችኑ የኤመርሰንን ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የምትታጠፍ ጠባብ የእንጨት መጻፊያ አለች። ሲጽፍ ጀርባውን ለመስኮቱ፣ ፊቱን ለግድግዳው ሰጥቶ ነው። እዚያ ቆሜ ብዙ ጊዜ አየኋት። አንዱ የአባቶችን ዓይን ትተን በራሳችን እንይ ያለባት ክፍል ናት፤ ሌላው ደግሞ እዚያችው ተቀምጦ ወንዙን ከኋላው ትቶ፣ ግድግዳው ላይ አፍጥጦ፣ አባቶቹ አልለቀው ብለው ታሪካቸውን ጻፈ። ሮማንቲሲዝምና ጎቲክ (የፍርሃትና የጨለማ ሥነ ጽሑፍ) በክፍል ውስጥ ሲያስተምሩን በየምዕራፋቸው ተለያይተው ነበር። እዚህ አንድ በር ነው ያላቸው።

የመስኮቱን መስታወት ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ባልና ሚስቱ በሶፊያ ቀለበት አልማዝ ጽፈውበታል። ፊደሎቹ ከጸጉር የቀጠኑ ናቸው፤ ብርሃን በጎን ካልመታቸው አይነበቡም። «የሰው አጋጣሚ የእግዚአብሔር ዓላማ ነው» ይላል አንደኛው፣ ከሥሩ 1843። ሌላው ትንሿ ጭራሮ ጥርት ብላ ሰማዩን ተደግፋለች የሚል ነው፤ የተጻፈውም በሚያዝያ 3 ጀምበር ስትጠልቅ፣ በወርቃማው ብርሃን ነው። አንገቴን ዘንበል ሳደርግ ከፊደሎቹ በስተኋላ እውነተኛ ጭራሮ ታየኝ፣ ቅጠል ገና ያላወጣ፣ እንደተባለውም ጥርት ያለ። ደስታ ባለበት ቤት ውስጥ የጨለመ ታሪክ መጻፍ እንደሚቻል ያመንኩት ያኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጸሐፊዎቹ ወደ ተቀበሩበት ኮረብታ ወጣሁ። የኤመርሰን መቃብር ላይ ትልቅ ያልተጠረበ ድንጋይ ቆሟል። የቶሮ ድንጋይ «ሄንሪ» ብቻ ይላል፤ ቤተሰቡ እርሳስ ይሠሩ ስለነበር ጎብኚዎች እርሳስ ትተውለት ይሄዳሉ። የሆውቶርንም ትንሽ ናት፤ የቤተሰቡን ስም ብቻ ይዛለች። ያ ስም ግን የዳኛው ስም በትክክል አይደለም፤ ጸሐፊው በወጣትነቱ አንዲት ፊደል ጨምሮበታል።

ቅዳሜ ወደ ሴለም ስነሳ አክስቴ ካልመጣሁ አሉ። «ሳሌም የመልከ ጼዴቅ ከተማ አይደለችም እንዴ?» አሉኝ ባቡር ውስጥ።

«ስሟን ከዚያው ነው የወሰዱት፣ እትዬ። ሰላም ለማለት።»

ከቦስተን ግማሽ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። ከጣቢያው እንደወጣን መጀመሪያ ያየነው የፖሊስ መኪና ነው፤ በሩ ላይ በመጥረጊያ የምትበር ጠንቋይ ተስላለች። መንገዱ ሾጣጣ ጥቁር ባርኔጣ በሚሸጡ ሱቆች ተሞልቷል። ለምን እንደዚህ እንደሆነ ይገባኛል፤ ከተማው በቱሪስት ይኖራል። ግን ከፋኝ። የሞቱት ሰዎች ጠንቋይ አልነበሩም። የሞቱት ጠንቋይ ተብለው ነው፤ በሦስት መቶ ዓመታቸውም የሚሸጠው ያው የተለጠፈባቸው ስም ነው።

መታሰቢያው ከሱቆቹ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከአሮጌው የቻርተር ጎዳና መቃብር አጥር ጋር ተያይዞ ነው። የተሠራው በ1992፣ በሦስት መቶኛ ዓመቱ ነው። ዝቅ ያለ የድንጋይ ግንብ አለ፤ ከግንቡ ሃያ የድንጋይ መቀመጫዎች ወጥተዋል። በእያንዳንዱ ላይ ስም፣ የአሟሟት ዓይነትና ቀን ተቀርጿል። አሥራ ዘጠኙ ተሰቀሉ። ሃያኛው ጋይልስ ኮሪ ነው፤ እምነት ክህደቱን ለፍርድ ቤት አልሰጥም ስላለ ደረቱ ላይ ድንጋይ እየከመሩበት ሞተ። መሐል ላይ የተተከሉት ዛፎች የግራር ዘመድ ናቸው፤ ከሌላው ዛፍ ዘግይተው ያብባሉ፣ ቀድመው ይራገፋሉ ተብሎ ነው የተመረጡት። ከተማው ሁሉ አረንጓዴ ለብሶ እነርሱ ገና ባዶ ነበሩ።

መግቢያው ላይ የተረገጠው ንጣፍ ጽሑፍ አለው። አክስቴ ጎንበስ ብለው አዩትና እግራቸውን አነሱ። የተከሳሾቹ ቃል ነው፣ ንጹሕ ነኝ እያሉ የተናገሩት። ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ግንቡ ይቆርጠዋል።

«እነዚህ ሴቶች ምን አደረጉ?»

«ምንም። ልጃገረዶች ይታመማሉ፣ ይንፈራገጣሉ፤ ማን ነው ያሳመማችሁ ሲባሉ ስም ይጠራሉ። መንፈሷ መጥቶ ቆነጠጠኝ፣ ነከሰኝ ይላሉ። ዳኞቹ ይህንን እንደ ማስረጃ ይቀበሉ ነበር።»

አክስቴ ዝም አሉ። ብሪጅት ቢሾፕ የሚለው መቀመጫ አጠገብ ነበርን፤ በሰኔ 10 መጀመሪያ የተሰቀለችው እርሷ ናት። ቆይተው «ይለፈልፋሉ በለኛ» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ። ይለፈልፋሉ።»

ነጠላቸውን አስተካክለው አማተቡ፤ ከዚያ መቀመጫው ላይ ሳይሆን ከፊቱ ቆመው ያወሩኝ ጀመር። በልጅነታቸው ሰፈራቸው ዳር አንዲት ሸክላ ሠሪ ትኖር ነበር። ጀበናውንም ምጣዱንም ሁሉም ከእርሷ ይገዛል፤ ቤቷ ግን ማንም አይገባም፣ ሕፃን ይዞ በደጇ የሚያልፍ የለም። አንድ ክረምት የጎረቤት ልጅ ታመመችና ስትለፈልፍ የሸክላ ሠሪዋን ስም ጠራች ተባለ። በላቻት ተባለ። ሌሊት ቤቷ ተቃጠለ። በበነጋው ሴትየዋ ልጇን አዝላ፣ አንድ ምጣድ ተሸክማ ስትሄድ አክስቴ ከእናታቸው ጀርባ ተደብቀው አይተዋታል።

«አባቴ ከሄዱት ሰዎች ጋር ነበር» አሉ። «የአንተ አያት።»

ይህን ከዚያ ቀን በፊት ሰምቼ አላውቅም። ስለ አያቴ የማውቀው ደግነታቸውን፣ እርሻቸውንና ለቤተ ክርስቲያን ያሠሩትን አጥር ነው።

አጥሩን ተሻግረን መቃብሩ ውስጥ ገባን። የጆን ሃቶርን ድንጋይ ጥቁር፣ ትንሽ ነው፤ የሞተው በ1717 ነው። ከዳኞቹ አንዱ ሳሙኤል ሲዎል በ1697 ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ በሕዝብ ፊት ጥፋቱ እንዲነበብ አድርጓል። ከሃቶርን ግን እንዲህ ያለ ቃል አልተገኘም። የልጅ ልጅ ልጁ ልጅ ያንን የጎደለ ቃል ነው የጻፈው። የአውሮፓ ጎቲክ ጸሐፊዎች የፈረሰ ግንብና የጨለመ ገዳም ነበራቸው። አሜሪካ ውስጥ ያ አልነበረም። ኤድጋር አለን ፖ ጨለማውን በሰው አእምሮ ውስጥ አገኘው፤ ሆውቶርን ደግሞ በዘር ሐረግ ውስጥ። ሙት መንፈስ ከሚያስፈራኝ ይልቅ ይህ ያስፈራኛል፤ ሙቱ ቤተሰብ ነውና።

መቀመጫዎቹ መካከል አንድ ስም ፈልጌ ነበር። ቲቱባ በቄሱ በሳሙኤል ፓሪስ ቤት ባሪያ ነበረች። መጀመሪያ ከተከሰሱት ሦስት ሴቶች አንዷ ናት፤ ሃቶርን ሲመረምራት አመነችና ከሞት ተረፈች፣ ከአንድ ዓመት በላይም ታስራ ቆየች። መታሰቢያው ለሞቱት ስለሆነ መቀመጫ የላትም። ስለ እርሷ ሳስብ ሆውቶርን በ1860 ባወጣው ልብ ወለድ መግቢያ ላይ አገሬ ጥላ የላትም፣ ምስጢርም ጨለማ የዋጠው በደልም የላትም፣ ስለዚህ እንዲህ ያለ ታሪክ ሊጻፍባት ያስቸግራል ማለቱ ትዝ አለኝ። በዚያ ዓመት በአገሩ አራት ሚሊዮን ገደማ ሰው በባርነት ውስጥ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን በ1992 ባሳተመችው ድርሳን የአሜሪካ ሮማንስ (እንደ ሆውቶርን ያለው ምናባዊ ልብ ወለድ) ጥላው ከየት እንደመጣ የጠየቀችው ይህንኑ ነው። ሆውቶርንን እወደዋለሁ። የሞቱትን አይቶ በሕይወት ያሉትን አለማየቱን ግን ይቅር ልለው አልቻልኩም።

ባለ ሰባት ሾጣጣ ጣሪያው ቤት ባሕሩ ዳር ነው። በ1668 የተሠራው ይህ ጥቁር የእንጨት ቤት የሆውቶርን ዘመድ የሱዛና ኢንገርሶል ነበር። እርሱ ሊጠይቃት ሲመጣ ከጣሪያው ሾጣጣዎች የቀሩት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ የጥንቱን ቁጥር የነገረችው እርሷ ናት። በዚሁ ቤት ስም በ1851 ያወጣው ልብ ወለድ በጥንቆላ የተሰቀለን ሰው መሬት ነጥቆ ቤት ስለ ሠራ ኮሎኔልና እርግማኑን ስለ ወረሱ ልጆቹ ነው። በ1908 ካሮላይን ኤመርተን የምትባል ሴት ቤቱን ገዝታ የጎደሉትን ሾጣጣዎች አስመለሰች፤ ልብ ወለዱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሱቅም አሠራችበት። ቤቱን ያስመለሰው መጽሐፉ ነው ማለት ይቻላል። የመግቢያው ገንዘብም ለአካባቢው ስደተኞች ትምህርት እንዲውል አደረገች፤ ድርጅቱ እስከ ዛሬ እንግሊዝኛና የዜግነት ፈተና ያስተምራል። አክስቴ ይህን ስነግራቸው ቤቱን ቀና ብለው ዳግም አዩት። ለዚያ ፈተና እንዴት እንዳጠኑ አስታውሳለሁ።

ስንመለስ በጉምሩክ ቤቱ በኩል አለፍን። ሆውቶርን ከ1846 እስከ 1849 የሠራበት፣ መንግሥት ሲቀየር የተባረረበት ቢሮ ነው። የሴለም መርከቦች ከእኛ ባሕር ማዶ ካለችው ከሞካ ሳይቀር ቡና ያመጡ ነበር። እንደ ሌላ ጊዜ ቢሆን አክስቴ በዚህ ብዙ ያወሩ ነበር።

ባቡሩ ሲነሳ ስልካቸውን አውጥተው ጎጃም ላሉት ታላቅ እህታቸው ደወሉ። እዚያ መሽቷል። ከሰላምታው በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያቺ ሸክላ ሠሪ፣ በልጅነታችን የነበረችው፣ ስሟ ማን ነበር?» አሉ።

ወዲያ ማዶ ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ ጥያቄ መጣ መሰለኝ፣ አክስቴ «ዝም ብዬ ነው፤ ስሟን ብቻ ንገሪኝ» አሉ። እንደገና አዳመጡ። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ እንደያዙ ወደ ውጭ ያዩ ነበር።

«አላስታውስም አለች። ነገ አሮጊቶቹን ትጠይቃለች፤ ከቅዳሴ በኋላ ደውዪልኝ ብላለች።»