የአሮጌ ጀልባዬን የኋላ ግድግዳ ስከፍት ያገኘሁት

ባሕር ዳር ያደገ ሰው ስለ ታንኳ አስቀድሞ የሚያውቀው መድረቅ እንዳለበት ነው። ከደንገል የሚሠራው የጣና ታንኳ ውሃ ስለሚጠጣ፣ ባለቤቱ ከሐይቁ በወጣ ቁጥር ዳር ላይ አቁሞ ፀሐይ ያስመታዋል፤ ይህ ካልተደረገ ደንገሉ ይከብድና ይበሰብሳል። እኔም ይህንን እያወቅሁ፣ በምኖርበት በሜሪላንድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 የተሠራች፣ ርዝመቷ 5 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የፋይበርግላስ (በማጣበቂያ የጠነከረ የመስታወት ጨርቅ) ጀልባ ስገዛ ስለ መበስበስ ጨርሶ አላሰብሁም። ቀለሟ ያብረቀርቃል፣ ወለሏ በአዲስ ምንጣፍ ተሸፍኗል፣ ዋጋዋም ርካሽ ነበር። «ላዩ ሲያምር ውስጡን ለቄስ» የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ዕቃ ነው።

በዚያ ዘመን ከተሠሩት ትንንሽ የሞተር ጀልባዎች ብዙዎቹ ሙሉ በሙሉ ፋይበርግላስ አይደሉም። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ በሁለት የፋይበርግላስ ቆዳ መካከል የታሸገ ኮምፖርሳቶ ሲሆን፣ ከወለሉ ሥር ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቁት ተሸካሚ እንጨቶችም በፋይበርግላስ የተጠቀለሉ ናቸው። ጥንካሬው ያለው እንጨቱና ቆዳው ተጣብቀው እንደ አንድ አካል ሲሠሩ ነው፤ እንጨቱ ሲበሰብስ ቆዳው ብቻውን ይቀራል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም።

የጠረጠርሁት ሞተሩን ከታች ይዤ ወደ ላይ ሳነሣው የኋላው ግድግዳ አብሮ ሲተጣጠፍ ባየሁ ጊዜ ነው። በመዶሻ እጀታ ከላይ ወደ ታች እያንኳኳሁ አዳመጥሁት። ላይኛው ክፍል ጠንካራና ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ ከመሐል በታች ግን ድምፁ ደፈን አለ። ቀጥዬ ከውስጥ በኩል በ3 ሚሊ ሜትር የትራፓኖ ጥርስ ቀዳዳ አበጀሁ። ጤነኛ እንጨት ሲበሳ ነጣ ያለ ደረቅ ፍቅፋቂ ይወጣዋል፤ ከእኔዋ የወጣው ግን እንደ ቡና አተላ የጠቆረ፣ በጣት ሲጨምቁት ውሃ የሚያወጣ፣ ክረምት ዝናብ የመታው ጭድ የሚሸት ነገር ነበር። በመሮ ሳይሆን በማንኪያ እየዛቅሁ ካወጣሁት እንጨት ውስጥ ቅርፁን የያዘ አንድ ቁራጭ እንኳ አላገኘሁም።

አዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት በአናጢነት የሠሩ፣ ቤተ ክርስቲያን የምንገናኝ አንድ አዛውንት ሊያዩልኝ መጡ። «ጋሼ፣ እንጨቱን በምን ልተካው?» ብዬ ስጠይቃቸው እርሳቸው ጎንበስ ብለው ግድግዳውን ከውጭ ሲመረምሩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ እንጨቱ እኮ አላጠፋም። ውሃው በየት እንደገባ ሳታውቅ አዲሱን ብትከት እርሱንም ነው የምትቀብረው» አሉኝ። በዚያ ቀን ምንም ሳልቆርጥ ቀዳዳዎችን ብቻ ስፈልግ ዋልሁ። ከውሃው መስመር በታች የጥልቀት መለኪያውን ያሰሩ አራት ቪቴዎች አገኘሁ፤ ሲፈቱ ጥርሳቸው በዝገት አልቋል፣ በዙሪያቸው ማሸጊያ የሚባል ነገር አልተቀባም። የውሃ ማፍሰሻው ቱቦም ጠርዙ ተሰንጥቆ ነበር። ኋላ ላይ ውስጠኛውን ቆዳ ስገፍፈው ጥቁሩ እድፍ ከእነዚህ ቀዳዳዎች ተነሥቶ ወደ ላይና ወደ ጎን መሰራጨቱ በግልጽ ታየ።

እንጨትን የሚበላው ፈንገስ ነው፤ እርሱም እርጥበት ይፈልጋል። የእርጥበት መጠኑ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት አይበሰብስም። በፋይበርግላስ የታሸገ እንጨት ግን አንዴ ከራሰ የሚደርቅበት መንገድ የለውም፤ ደንገሉ ያለው ዕድል ለእርሱ አልተሰጠውም። የዝናብ ውሃ ደግሞ ከባሕር ውሃ ይልቅ ለመበስበስ ይመቻል፤ ስለዚህ ጀልባዋን የጎዳት በውሃ ላይ ያሳለፈችው ጊዜ ብቻ ሳይሆን ያለ ሽፋን ግቢ ውስጥ የቆመችባቸው ዓመታት ጭምር ናቸው።

ወለሉን ስቆርጥ ከሥሩ የተሞላው ፎም እንደ ስፖንጅ ውሃ ይዞ ነበር። በከረጢት እያደረግሁ በቤት ሚዛን ስመዝነው 83 ኪሎ ሆነ፤ ጀልባዋ አንድ ተጨማሪ ሰው ሁልጊዜ ተሸክማ ትሄድ ነበር ማለት ነው። እዚህ ላይ ትልቁን ስህተቴን ሠራሁ። ሁለቱንም ተሸካሚ እንጨቶች በአንድ ቀን አወጣሁ። በማግሥቱ ስለካ የጀልባዋ ሆድ መሐሉ ላይ 9 ሚሊ ሜትር ወርዶ አገኘሁት። በክሪክ ቀስ እያልሁ አንሥቼ፣ ከሥሩ ቅርፁን የያዘ የእንጨት መደገፊያ ሠርቼ እስክመልሰው ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። መደገፊያው አስቀድሞ መሠራት፣ እንጨቶቹም አንዱ ተተክቶ ሲጠነክር ሌላው መውጣት ነበረባቸው።

ለኋላው ግድግዳ 19 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት የመርከብ ኮምፖርሳቶዎች በኢፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው በሚጠነክሩት ማጣበቂያ፣ አጣብቄ 38 ሚሊ ሜትር አደረስሁ። ፖሊስተር ሬዚን የሚባለው ሌላው ማጣበቂያ ዋጋው ይቀንሳል፤ ከእንጨትና ከአሮጌ ፋይበርግላስ ጋር የሚጣበቀው ግን እንደ ኢፖክሲ አይደለም፣ ስለዚህ በዚህ ላይ መቆጠብ አልፈለግሁም። በእንጨቱ ላይ የሚለበጠውን የመስታወት ጨርቅም የተሰፋውን ዓይነት መረጥሁ፤ ተቆራርጦ በማጣበቂያ የተያያዘው ብዙውን ጊዜ ማጣበቂያው በፖሊስተር እንዲሟሟ ሆኖ የተሠራ በመሆኑ ለኢፖክሲ አይመችም። ሐምሌ ላይ አንድ ሊትር ያህል በአንድ ባልዲ በጥብጬ ገና ግማሹን ሳልቀባ ባልዲው መጨስ ጀመረ፤ ኢፖክሲ ሲጠነክር የራሱን ሙቀት ስለሚያወጣ፣ በአንድ ላይ ሲከማች ይፋጠናል። ከዚያ ወዲህ በትንሹ በጥብጬ ወዲያው ጠፍጣፋ ሳህን ላይ አፈስሰው ነበር። በደረቀው ንብርብር ላይ የሚቀረውን ሰም መሰል ነገርም በውሃ ሳላጥብ በብርጭቆ ወረቀት አልነካውም፤ ሳይታጠብ የቀባሁት አንድ ቦታ በጥፍር ሲነካ ተላቅቋል።

አቧራው ቀላል ነገር አይደለም። የመስታወት ብናኝ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ያሳክካል፤ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ደግሞ የጨርቅ ጭምብል አይበቃም። ማጣሪያ ያለው ጭምብልና ሙሉ ልብስ ሳልለብስ ግራይንደር ማንሣት አቆምሁ።

ብሎኖቹን ስመልስ እያንዳንዱን ቀዳዳ ከሚያስፈልገው አስፍቼ በስቼ፣ በወፈረ ኢፖክሲ ሞልቼ፣ ሲጠነክር መሐሉን እንደገና በሳሁት። ስለዚህ ማሸጊያው ቢያረጅ እንኳ ውሃው የሚያገኘው ኢፖክሲ እንጂ እንጨት አይሆንም። የጥልቀት መለኪያውን ግን በቪቴ አላሰርሁትም፤ በማጣበቂያ በተለጠፈ የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ነው ያለው።

ሥራው ሰባት ወር ቅዳሜዎችን ወሰደ፤ ያወጣሁትም ገንዘብ ከገዛሁባት ዋጋ በልጧል። በፖቶማክ ወንዝ ላይ ሞተሩን ሙሉ ኃይሉን ስሰጠው ግድግዳው ንቅንቅ አላለም። አሁን ከውሃ ባወጣኋት ቁጥር የማፍሰሻውን ቡሽ ነቅዬ፣ አፍንጫዋን ከፍ አድርጌ አቆማታለሁ፤ ሽፋኗንም ጎኑን ገለጥ አድርጌ ነፋስ እንዲገባት እተወዋለሁ።