ፍቅር ሐይቅ ዳር የተቆረጡት ክቦች

ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ለሰርግ ፎቶ የሚመረጠው ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ነው። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ፀሐይዋ ከሙሽሮቹ ጀርባ ውኃው ላይ ታብረቀርቃለች። በ85 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 1.8 (የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ በሰፊው ተከፍቶ) ሲነሳ እያንዳንዷ ብልጭታ ከፎከስ ውጭ ሆና ትልቅ የብርሃን ክብ ትሆናለች። ስፋቱን ማስላት ቀላል ነው፦ 85 ለ1.8 ሲካፈል 47 ሚሊሜትር ገደማ፤ ይህ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው። በጣም ሩቅ ያለች ብልጭታ ሙሽሪት በቆመችበት ርቀት ላይ የተያዘ የ47 ሚሊሜትር ክብ ያህል ቦታ ትይዛለች።

አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ግን ከአንድ ሰርግ የመጡት ፎቶዎች ላይ ክቦቹ ሁሉ ከአንድ ጎናቸው በቢላ የተገመሱ ይመስሉ ነበር። «ሌንሱን ጥለኸዋል እንዴ?» ተባለ ፎቶ አንሺው። «ኧረ ጋሼ፣ ከእጄ አልወጣም!» ሌንሱ ለጥገና ሊላክ ተወሰነ።

ሌንሱን ነፃ ያወጣው የቆረጣው አቅጣጫ ነው። ሌንስ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በጥጎቹ ላይ ያሉትን ክቦች እንደ ድመት ዓይን ያሾላቸዋል፤ መሐል ያሉት ግን ክብ ሆነው ይቀራሉ። እዚህ መሐሉም ጥጉም በአንድ ወገን ተቆርጧል። ፋይሉ ሲታይ ፍጥነቱ 1/4000 ሰከንድ፣ ሹተሩ (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚከፍትና የሚዘጋው ክፍል) ደግሞ የፊት መጋረጃው ኤሌክትሮኒክ የሆነው ነው። በዚህ አሠራር መክፈቱን ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር ራሱ መስመር በመስመር ይጀምረዋል፤ የሚዘጋው ግን ከሴንሰሩ ፊት ጥቂት ሚሊሜትር ርቆ የሚያልፈው እውነተኛው መጋረጃ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር በሁለቱ መካከል የሚቀረው ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ስለሆነ፣ ከሌንሱ ጠርዝ አጋድሎ የሚመጣውን ብርሃን መጋረጃው ይጋርደዋል። የሚጠፋው የክቡ ጎን ያ ብርሃን ነው።

ማረጋገጫው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የተጨማደደ የአሉሚኒየም ፎይል ፀሐይ ላይ ተሰቀለ፤ ካሜራው ትሪፖድ ላይ ሆኖ ከፎይሉ 10 ሜትር ራቀ፤ ፎከሱ 1.5 ሜትር ላይ በእጅ ተቆለፈ። በሁለቱም ሹተር፣ የፊት መጋረጃው ኤሌክትሮኒክ በሆነውና ሙሉ ሜካኒካል በሆነው፣ 1/500፣ 1/1000፣ 1/2000፣ 1/4000 ተነሳ። በሜካኒካሉ ክቦቹ እስከ መጨረሻው ሙሉ ናቸው፤ የተቆረጡት በኤሌክትሮኒኩ ብቻ ነው።

ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 4 ማጥበብም ቆረጣውን ያቀለዋል፤ ግን ክቡ ወደ 21 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ ሐይቁ ዳር የተመጣበት ውበት አብሮ ይሄዳል። የሚሻለው ሹተሩን ሙሉ ሜካኒካል ማድረግ ነው። ያ ካልተቻለ ብርሃኑን ወደ አንድ ስምንተኛ የሚቀንሰው ኤንዲ 8 ፊልተር 1/4000ን ወደ 1/500 ያወርደዋል፣ ኤፍ 1.8 እንዳለ ይቆያል።