«ሌላ ጋራዥ ስላሠራህ ዋስትናው ፈርሷል»

የመኪናዬ ካምቢዮ የዋስትና ዘመኑ ሳያልቅ ሲበላሽ ከሻጩ ድርጅት ያገኘሁት መልስ አጭር ነበር፤ የሞተር ዘይቱን በሌላ ጋራዥ ስላስቀየርኩ ዋስትናው ፈርሷል ተባልኩ። መልሱ በሙሉ ልብ ስለሚነገር ብዙ ሰው አምኖ ከኪሱ እንደሚከፍል እገምታለሁ። እኔ ግን የሞተር ዘይት መቀየሩ ካምቢዮውን እንዴት እንዳበላሸው እንዲያስረዱኝ ጠየቅሁ፤ ሁለቱ በየራሳቸው ዘይት እንደሚሠሩ ለባለሙያ መንገር የሚያስፈልግ አልመሰለኝም ነበር።

ክርክሩ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚህ ጥያቄ ነው። ባለመኪናው አንድ ነገር ማድረጉ ወይም ማጓደሉ ብቻውን ዋስትና ለመከልከል አይበቃም፤ ያ ነገር ብልሽቱን ማስከተሉ መታየት አለበት። ዘይቱ በጊዜው ሳይቀየር ቀርቶ ሞተሩ በዝቃጭ ታፍኖ ቢጣበቅ ሻጩ እውነት አለው፤ ይኸው ጉድለት ግን የመስኮት ማንሻውን ዋስትና ሊያስቀር አይችልም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግኑሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ አምራቹ በነፃ እስካልሰጠ ድረስ ዋስትናውን የራሱን መለያ ስም በያዘ መለዋወጫ ወይም አገልግሎት መጠቀም ላይ እንዳያስር በመርህ ደረጃ ይከለክለዋል። የአውሮፓ ኅብረት የ2019 የዕቃ ሽያጭ መመሪያ ደግሞ ሸማቹ ዕቃውን በተረከበ በ1 ዓመት ውስጥ የታየ ጉድለት ሲረከበውም እንደነበረ ይገምታል፤ ተቃራኒውን የማስረዳቱ ሸክም የሻጩ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ እምቢታው የተመሠረተበትን የዋስትና አንቀጽና የብልሽቱን ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጡኝ አመለከትኩ። በቃል በድፍረት የተነገረ ምክንያት ፊርማ ሲጠየቅበት ብዙውን ጊዜ ይለሳለሳል። ቀጥሎ የጠየቅሁት ውሳኔው የማን እንደሆነ ነው። የፋብሪካ ዋስትና የአምራቹ ግዴታ ሲሆን ሻጩ ጥገናውን አከናውኖ ሒሳቡን ከአምራቹ ይጠይቃል፤ አምራቹ ሒሳቡን ሳይቀበለው ከቀረ ኪሳራው በሻጩ ላይ ስለሚወድቅ፣ ሻጩ አምራቹን ሳይጠይቅ በራሱ ግምት የሚከለክልበት ጊዜ አለ። የእኔም ጉዳይ አምራቹ ዘንድ ጨርሶ እንዳልደረሰ የተረዳሁት ለአምራቹ የደንበኞች አገልግሎት ስጽፍ ነው።

ከደብዳቤዬ ጋር ያያያዝኳቸው ደረሰኞች ቀኑን፣ የኪሎ ሜትሩን ንባብና የዘይቱን ደረጃ በግልጽ የሚያሳዩ ነበሩ፤ «ሰርቪስ ተደርጓል» ብቻ የሚል ወረቀት ለክርክር እምብዛም አይረዳም። ካምቢዮው ከመፈታቱ በፊትም ገለልተኛ መካኒክ እንዲያየው፣ የወለቁት ክፍሎች እንዳይጣሉና በመኪናው ኮምፒዩተር የተመዘገቡት የብልሽት ኮዶች ሳይታተሙ እንዳይሰረዙ በጽሑፍ አሳሰብኩ። አንዳንድ ኮዶች ብልሽቱ በተመዘገበበት ቅጽበት የነበረውን ፍጥነት፣ የሞተር ዙርና ሙቀት አብረው ስለሚይዙ «ያለ አግባብ ነድተኸዋል» ለሚል ክስ ከማንም ምስክር የተሻለ መልስ ይሰጣሉ።

አምራቹ የራሱን ባለሙያ ልኮ ካስመረመረ በኋላ የጥገናውን ወጪ ተቀበለ። ሻጩ ለምርመራ ያስከፈለኝን ገንዘብ ግን እስካሁን አልመለሰልኝም፤ ስለ እሱም በጽሑፍ ጠይቄ መልስ እየጠበቅሁ ነው።